የሥራ ሂደት ማስታወሻ፦ ሦስት የግንድ ዋግ መቋቋሚያ ዘረ መሎችን በአንድ ስንዴ ማሰባሰብ

መነሻ

ይህ ማስታወሻ ጥሩ ምርት የሚሰጥ ነገር ግን በግንድ ዋግ በቀላሉ የሚጠቃ አንድ የዳቦ ስንዴ ዝርያ፣ መልካም ባሕርዩን ሳያጣ በሽታውን እንዲቋቋም ለማድረግ የምንሠራውን ሥራ በየደረጃው ይመዘግባል። ዝርያውን ከዚህ በኋላ «ተቀባይ» እለዋለሁ፤ የመቋቋሚያ ዘረ መሎቹ የሚመጡባቸውን ሁለት ወላጆች ደግሞ «ለጋሽ አንድ» እና «ለጋሽ ሁለት» እላቸዋለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የግንድ ዋግን የሚያመጣው ፑሲኒያ ግራሚኒስ የተባለ ፈንገስ ነው። ስፖሮቹ፣ ማለትም የመራቢያ ብናኞቹ፣ በነፋስ ረጅም ርቀት ይጓዛሉ፤ ፈንገሱም በየጊዜው ባሕርዩን እየለወጠ ትናንት ሊያጠቃው ያልቻለውን ዝርያ ዛሬ ያጠቃዋል። ኤስአር31 የተባለው፣ ራይ ከሚሉት የስንዴ ዘመድ የመጣ ዘረ መል ለረጅም ዘመን በብዙ አገሮች ስንዴን ሲጠብቅ ቆይቶ፣ በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ ይህንኑ ዘረ መል የያዘ ስንዴ ተጠቅቶ ተገኘ። ዩጂ99 የሚል ስም የወጣለት ይህ የዋግ ዘር በዚያው አልቆመም፤ በ2006 ኬንያ ውስጥ ኤስአር24ን ጭምር የሚያሸንፍ ተወላጁ ታየ። የሁለቱም ዘረ መሎች ውድቀት ምክንያቱ አንድ ነው። እንዲህ ያለ ዘረ መል የሚሠራው ከፈንገሱ የሚወጣ አንድ የተወሰነ ፕሮቲን ሲለይ ብቻ በመሆኑ፣ ፈንገሱ ያንን አንድ ፕሮቲን በለወጠ ወይም በጣለ ጊዜ ጥበቃው ሙሉ በሙሉ ይፈርሳል።

ስለዚህ ሦስት ዘረ መሎችን መረጥን። የመጀመሪያው ኤስአር26 ሲሆን፣ ቲኖፓይረም ፖንቲከም ከተባለ የስንዴ ዘመድ ሣር ወደ 6ኤ ክሮሞዞም ረጅም ክንድ የገባና ተክሉን ከቡቃያነት ጀምሮ እስከ ዛላው መድረቅ ድረስ የሚጠብቅ፣ ዩጂ99ንም የሚገታ ጠንካራ ዘረ መል ነው። የቀሩት ሁለቱ፣ በ3ቢ አጭር ክንድ ላይ ያለው ኤስአር2 እና በ7ዲ አጭር ክንድ ላይ ያለው ኤልአር34፣ ደካማ የሚባሉ ናቸው፤ የሚሠሩት ተክሉ ካደገ በኋላ ሲሆን በሽታውን ያዘገዩታል እንጂ አያስቆሙትም። ሆኖም ዕድሜያቸው የሚያስገርም ነው። ኤስአር2 ኤመር ከተባለው ስንዴ ወደ ዳቦ ስንዴ የተሻገረው በ1920ዎቹ ሲሆን እስካሁን ድረስ ይሠራል። ኤልአር34 ደግሞ ግንድ ዋግን ብቻ ሳይሆን የቅጠል ዋግን፣ ቢጫ ዋግንና ዱቄት አመዳይን ጭምር ያዘገያል፤ በ2009 የዲኤንኤ ቅደም ተከተሉ ተለይቶ ሲታወቅም በሴል ሽፋን በኩል ንጥረ ነገር የሚያመላልስ ፕሮቲን የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። ከፈንገሱ አንዲት ፕሮቲን ጋር የተቆራኘ ባለመሆኑ ፈንገሱ በአንድ ለውጥ ሊያመልጠው አልቻለም።

የሥራው ሁሉ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ኤስአር26 ያለበት ተክል በማሳ ላይ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩ ኤስአር2 እና ኤልአር34 ይኑሩ አይኑሩ ዋጉ ራሱ ሊነግረን አይችልም። በበሽታው ብቻ እያየ የሚመርጥ አዳቃይ ሳያውቀው ሁለቱን ደካሞች ጥሎ ኤስአር26ን ብቻውን ይዞ ይወጣል፤ ያም ማለት የኤስአር31ን ታሪክ ለመድገም ይዘጋጃል። ብዙዎች ስለ ሞለኪውል ዘዴ ሲያወሩ ፍጥነቱን ያስቀድማሉ፤ እኔ ግን በጠንካራው ዘረ መል ጥላ ሥር የተሸሸገውን ማሳየቱን አስቀድማለሁ።

ወላጆቹን መፈተሽ

ማዳቀል ከመጀመሩ በፊት ማርከሮቹ በእነዚህ ወላጆች መካከል ልዩነት ማሳየታቸው መረጋገጥ ነበረበት። ማርከር ማለት በዘረ መሉ ውስጥ ወይም ከጎኑ ያለ፣ ከሱ ጋር አብሮ የሚወረስ የዲኤንኤ ቁራጭ ነው፤ ለጋሹና ተቀባዩ በዚያ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ከሆኑ ማርከሩ ለዚያ ድቀላ አይጠቅምም። ለኤልአር34 የተጠቀምንበት ሲኤስኤልቪ34 የሚባለው ሲሆን፣ መቋቋሚያው ባለበት ተክል 150፣ በሌለበት ደግሞ 229 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ርዝመት ያለው ቁራጭ ይሰጣል። ተቀባያችን 229 ሰጠ። ለኤስአር2 የተመረጠው ሲኤስኤስአር2 ግን አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ ፒሲአር በተባለው ዲኤንኤን የማባዣ ዘዴ የተባዛው ቁራጭ ቢኤስፒኤችአይ በተባለ ኤንዛይም ይቆረጣል፤ ኤስአር2 ካለ 172፣ 112 እና 53፣ ከሌለ 225 እና 112 ቤዝ ይወጣል። ተቀባዩ ሁለተኛውን መልክ አሳየ፤ ኤስአር2ም ኤልአር34ም የሚመጡበት ለጋሽ ሁለት በሁለቱም ማርከሮች የሚጠበቅበትን ሰጠ።

ኤስአር26 በሚመጣበት በለጋሽ አንድ ምርጫ ላይ ረዘም ያለ ውይይት ተደረገ። ኤስአር26 ወደ ስንዴ የገባው ከትልቅ የባዕድ ክሮሞዞም ቁራጭ ጋር ነበር፤ ያ ቁራጭ ምርትን ወደ 9 በመቶ እንደሚቀንስ ቀደም ሲል ተለክቷል። በስንዴ 5ቢ ክሮሞዞም ላይ ያለው ፒኤች1 የተባለ ዘረ መል ባዕድ ቁራጭ ከስንዴ ክሮሞዞም ጋር እንዳይለዋወጥ ስለሚከለክል፣ የቱንም ያህል ጊዜ ከተቀባዩ ጋር መልሰን ብናዳቅል ቁራጩ አያጥርም። ማሳጠሩ በልዩ ዘዴ አስቀድሞ የተሠራባቸው መስመሮች ስላሉ፣ ለጋሽ አንድ ከእነዚያ መካከል እንዲሆን ወሰንን። መልኩ ከሌሎቹ ያነሰ፣ ቁመቱም ረጅም ነው፤ ይህ ግን በመልሶ ማዳቀል የሚስተካከል ነው፤ የቁራጩ ርዝመት አይስተካከልም።

ማዳቀል

ሁለቱን ለጋሾች ለየብቻ ከተቀባዩ ጋር አዳቀልን፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ በቁጥር አስረዳለሁ።

ስንዴ በራሱ ብናኝ የሚፀንስ ሰብል በመሆኑ እናት የሚሆነው ዛላ ወንዴ ከረጢቶቹ ሳይፈነዱ መጸዳት አለበት። ዛላው ከቅጠል እቅፉ ሲወጣ ከመካከሉ አንዲት አበባ ከፍተን እናያለን፤ ሦስቱ ከረጢቶች ገና አረንጓዴ ከሆኑ ጊዜው ነው፤ ወደ ቢጫ ካዘነበሉ ዛላው አልፎበታልና ይተዋል። ከላይና ከታች ያሉት ደካማ ዘለላዎች ይቆረጣሉ፤ በየዘለላው መካከል ያሉት አበቦች በወረንጦ ተነቅለው በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ፤ የአበባው ሽፋን ጫፍ በመቀስ ይከረከምና ሦስቱ ከረጢቶች አንድ በአንድ ይወጣሉ። ከረጢቱ በወረንጦው ጫፍ ከፈረጠ ያ አበባ ይጣላል፤ ወረንጦውም በአልኮል ይጠረጋል። ከዚያ ዛላው በወረቀት ከረጢት ይሸፈንና ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ሴቴው ክፍል ለመቀበል መድረሱ የሚታወቀው እንደ ላባ ሲዘረጋ ነው። የአባቱ ዛላ በጠዋት ተቆርጦ ጥቂት ፀሐይ ሲያገኝ ከረጢቶቹ ይወጣሉ፤ ወዲያው በተሸፈነው ዛላ ውስጥ ተገልብጦ ይሽከረከራል። የስንዴ ብናኝ ሕይወቱ በደቂቃ የሚቆጠር ስለሆነ እዚህ ላይ ማዘግየት አይቻልም።

ተክል ከእያንዳንዱ ዘረ መል ሁለት ቅጂ፣ ከእናቱ አንድ ከአባቱ አንድ፣ ይይዛል፤ ከተገኙት ዲቃላ ዘሮች የበቀሉት ሁሉ በማርከር ተፈትሸው፣ ነጠላ የለጋሽ ቅጂ ያልያዙት፣ ማለትም ሳይታሰብ በራሳቸው ብናኝ የፀነሱት፣ ተነቀሉ።

ከቅጠል እስከ ጄል

ዲኤንኤው የሚወጣው ከቡቃያው ለጋ ቅጠል ነው። ቅጠሉ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ በሙቀጫ ይደቅቃል፤ ሲቲኤቢ የተባለ ሴሉን የሚያፈርስ ሳሙና መሰል ኬሚካል ባለበት ቅልቅል ውስጥ በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቆያል፤ ከዚያ ክሎሮፎርምና አይሶአሚል አልኮል በ24 ለ1 ተቀላቅሎ ይጨመርበትና በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል። ቱቦው ሲወጣ ሦስት ድርብርብ ይታያል፦ ከታች አረንጓዴው ክሎሮፎርም፣ ከመሐል ነጭ የፕሮቲን ሽፋን፣ ከላይ ዲኤንኤውን የያዘው ጥርት ያለ ውሃማ ክፍል። ፒፔቱ ከላይኛው ክፍል ብቻ ነው የሚቀዳው፤ ለጥቂት ማይክሮ ሊትር ስስት ተብሎ ነጩን ሽፋን መንካት በኋላ ፒሲአሩን ያከሽፋል። አይሶፕሮፓኖል ሲጨመርና ቱቦው ቀስ ተብሎ ሲገለበጥ ዲኤንኤው እንደ ነጭ ክር ተጠቅልሎ ይታያል፤ በ70 በመቶ ኢታኖል ታጥቦ ይደርቃል። በ260 እና በ280 ናኖሜትር የተወሰደው የብርሃን ንባብ ምጣኔ 1.8 አካባቢ ከሆነ ዲኤንኤው ለሥራ በቂ ንጽሕና አለው ማለት ነው።

የኤስአር26 ማርከር የተለየ ጥንቃቄ ጠይቆናል። ኤስአር26 ቁጥር 43 የሚባለው ማርከር ዘረ መሉ ሲኖር፣ ቁራጮችን በርዝመታቸው በሚለየው ጄል ላይ 207 ቤዝ የሆነ መስመር ይሰጣል፤ ሲጠፋ ግን ምንም አይሰጥም። ጨለማ ሆኖ የቀረ የጄል መስመር «ዘረ መሉ የለም» ማለት ይሁን «ፒሲአሩ አልሠራም» ማለት ይሁን በራሱ አይናገርም። ስለዚህ ቢኢ518379 የተባለውን፣ የስንዴው የራሱ ክሮሞዞም ባለበት 303 ቤዝ የሚሰጠውን ማርከር በአንድ ቱቦ አብረን እናስኬዳለን። በዚህ ጊዜ 207 ብቻ ከታየ ተክሉ ሁለቱንም ቅጂ ከለጋሹ ይዟል፤ 303 ብቻ ከታየ የለጋሹ ቅጂ የለውም፤ ሁለቱም ከታዩ አንድ አንድ ይዟል፤ አንዱም ካልታየ ናሙናው ይደገማል። በኤልአር34 ጄልም ነጠላ ቅጂ ያላቸው ተክሎች 150ንና 229ን አብረው ሲያሳዩ፣ አንዳንዴ ከሁለቱም በላይ ሦስተኛ ደብዛዛ መስመር ይወጣል፤ እሱ የሁለቱ ቁራጮች ገመዶች ተዳቅለው የፈጠሩት እንጂ ሌላ ዘረ መል ወይም ብክለት አይደለም። በእያንዳንዱ ጄል ላይ ሁለቱ ወላጆች፣ የታወቀ ነጠላ ቅጂ ያለው ተክልና ዲኤንኤ የሌለበት ንጹሕ ውሃ ይቀመጣሉ። በውሃው መስመር ላይ አንዳች ነገር ከታየ የዚያ ጄል ንባብ በሙሉ ወደ መዝገብ አይገባም።

መልሶ ማዳቀል

ዲቃላው ከተቀባዩ ጋር አንድ ጊዜ ሲመለስ በአማካይ 75 በመቶ፣ ሁለት ጊዜ ሲመለስ 87.5 በመቶ የተቀባዩን ዘር ይይዛል። እዚህ ላይ የተክል ቁጥር ጥያቄ ይመጣል። ሦስቱ ዘረ መሎች በሦስት የተለያዩ ክሮሞዞሞች ላይ ስላሉ በአንድ ላይ ብናስኬዳቸው በየዙሩ ሦስቱንም የሚይዘው ከስምንት ተክል አንዱ ብቻ ነው፤ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ተክል የማግኘት ዕድላችን 99 በመቶ እንዲሆን 35 ተክል መፈተሽ ይኖርብናል፤ ከአንድ በላይ ለማግኘትና ከመካከላቸው ለመምረጥ ደግሞ ከዚያ ብዙ ይበልጣል። በሁለት መስመር ስናስኬደው ግን በለጋሽ አንድ በኩል ከሁለት አንዱ፣ በለጋሽ ሁለት በኩል ከአራት አንዱ ተፈላጊ ስለሚሆን፣ ለተመሳሳይ ዋስትና 7 እና 17 ተክል ይበቃል። የተረፈው አቅም ወደ ዳራ ምርጫ ሄደ።

ዳራ ምርጫ ማለት ተፈላጊውን ዘረ መል ከያዙት ተክሎች መካከል በቀረው ዘራቸው ተቀባዩን በብዛት የሚመስለውን መለየት ነው። ለዚህ በ21ዱ የክሮሞዞም ጥንዶች ላይ የተበተኑ የነጠላ ፊደል ልዩነቶችን ካስፕ በተባለው ዘዴ አነበብን፤ እያንዳንዱ ተክል በሁለት ቀለም ብርሃን ተለክቶ በሥዕል ላይ ነጥብ ይሆናል፤ ነጥቦቹ በሦስት ቡድን ሲሰባሰቡ ሁለቱ ዳር ዳር ያሉት ጥንድ ቅጂ፣ የመሐሉ ነጠላ ቅጂ ይሆናል። ከአማካዩ በላይ የተቀባዩን ዘር የያዙ ተክሎች በመጀመሪያው ዙር ላይ እንኳ ስለሚገኙ፣ ያለ ማርከር ተጨማሪ ዙሮች የሚጠይቀውን ሥራ ያሳጥራል። ሆኖም ከአጠቃላይ መቶኛው ይልቅ እኔ የማየው ከኤስአር2 እና ከኤልአር34 ግራና ቀኝ ያለውን ነው፤ በአንድ ዙር በአንደኛው ጎን፣ በሚቀጥለው ዙር በሌላኛው ጎን ክሮሞዞሙ የተቆረጠበትን ተክል ማግኘት ከዘረ መሉ ጋር ተጎትቶ የሚመጣውን የለጋሽ ዘር ያሳጥራል። በ6ኤ ላይ ይህን አንጠብቅም፤ ምክንያቱ ከላይ ተጽፏል። ሁለተኛው ዙር በዚሁ መልክ ተከናወነ።

ሁለቱን መስመር ማገናኘት

ከሁለተኛው ዙር የተመረጡት የሁለቱ መስመሮች ተክሎች እርስ በርስ ተዳቅለው፣ ሦስቱንም ዘረ መሎች በነጠላ ቅጂ የያዙት ተለዩ፤ እነዚህም በራሳቸው ብናኝ እንዲፀንሱ ተደረገ። በሚወለደው ትውልድ ሦስቱንም በጥንድ ቅጂ የሚይዘው ከ64 ተክል አንዱ ነው፤ አንድ ለማግኘት ለ99 በመቶ ዋስትና 293 ተክል ያስፈልጋል፤ የሚወጣውም አንድ ወይም ሁለት ተክል ቢሆን በምርትና በጥራት የምንመርጥበት ነገር አይኖረንም። ስለዚህ በዚህ ትውልድ ጥንድ ቅጂ አልጠየቅንም። ከእያንዳንዱ ዘረ መል ቢያንስ አንድ ቅጂ የያዙትን፣ ማለትም ከ64ቱ 27ቱን፣ አስቀርተን ሌላውን ጣልን፤ እንዲህ ሲደረግ የእያንዳንዱ ተፈላጊ ቅጂ ድርሻ ከግማሽ ወደ ሁለት ሦስተኛ ከፍ ይላል። ከነዚህም ውስጥ ሁለቱን በጥንድ፣ አንዱን በነጠላ የያዙት ቅድሚያ ተሰጣቸው፤ ከእያንዳንዳቸው በሚቀጥለው ትውልድ ከአራት አንዱ የተሟላ ይሆናል።

ሥራችን ሁሉ ተራ ድቀላ በመሆኑ የዘረ መል ምሕንድስና አይደለም፤ ማርከሩ የሚያነብ እንጂ የሚያስገባ አይደለም። በሌላው መንገድ በ2021 አምስት የግንድ ዋግ መቋቋሚያ ዘረ መሎችን በአንድ ቁራጭ ሰብስቦ ወደ ስንዴ ማስገባት እንደሚቻል ታይቷል፤ እነዚያ አምስቱ በአንድ ቦታ ስላሉ አብረው ይወረሳሉ። የእኛ ሦስቱ ግን ሌላ አዳቃይ ከራሱ ዝርያ ጋር ባዳቀላቸው ዕለት ይበታተናሉ፤ ይህ የዘዴያችን እውነተኛ ድክመት ነው።

የበሽታ ፈተና

ማርከር የዘረ መሉን መኖር ይናገራል፤ መሥራቱን የሚናገረው ተክሉ ነው። ለቡቃያ ፈተና ተቀባዩን እንደሚያጠቃ የታወቀ፣ በአካባቢው ቀድሞ ያለ የዋግ ዘር ብቻ ተጠቀምን። ከ-80 ዲግሪ የወጣው ስፖር ከ40 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ውሃ ለደቂቃዎች ከሞቀ በኋላ በቀላል የማዕድን ዘይት ተበጥብጦ በቡቃያው ላይ ይረጫል፤ ቡቃያው ሌሊቱን በጨለማና በጤዛ ውስጥ ይቆይና በብርሃን ወደሚያድግበት ቤት ይመለሳል። ከ14 ቀን በኋላ በስታክማን ሚዛን፣ ከ0 (ምንም ምልክት የሌለው) እስከ 4 (ሙሉ በሙሉ ተጠቂ)፣ ይነበባል።

ኤስአር26 የያዙት ሁሉ ነጠብጣብ ወይም በገረጣ ክብ የተከበበ ጥቃቅን ብጉር ብቻ አሳዩ። ኤስአር2ንና ኤልአር34ን ብቻ የያዙት እህት መስመሮች ግን ከተቀባዩ ሳይለዩ 3 እና 4 ሆነው ተነበቡ። ይህን ሰንጠረዥ ለብቻው የሚያይ ሰው መስመሮቹን እንደማይረቡ ቆጥሮ ሊጥላቸው ይችላል፤ ዘረ መሎቹ በቡቃያ ዕድሜ ስለማይሠሩ ግን ውጤቱ የሚጠበቀው ነው።

ማሳ ላይ፣ በየረድፉ ጎን ተጠቂ ስንዴ እንደ በሽታ ምንጭ ተዘርቶ፣ ልዩነቱ ወጣ። በተቀባዩ ላይ ብጉሮቹ እርስ በርስ ተገናኝተው የግንዱን ቆዳ ቀደው የጡብ ቀለም ያለው ብናኝ ያፈሳሉ። በእህት መስመሮቹ ላይ ብጉሩ ጥቂትና ትንሽ ሲሆን፣ በአንጓዎቹ ዙሪያ ብቻ ተለቅ ተለቅ ይላል፤ ይህ የኤስአር2 መለያ ነው፤ የዛላው ሽፋንና ከአንጓው በታች ያለው ግንድም ጠቆር ብሏል። የላይኛው ቅጠል ጫፍ መድረቁ ደግሞ የኤልአር34 ነው። ማርከር ባልነበረበት ዘመን አዳቃዮች እነዚህን ሁለት ምልክቶች ነበር የሚከተሉት፤ በየወቅቱ አየር የሚለዋወጡ መሆናቸው ግን አስተማማኝ አያደርጋቸውም።

ሦስቱን የያዙት መስመሮች በማሳ ላይ ኤስአር26ን ብቻ ከያዙት በዐይን አልተለዩም። መጀመሪያ ላይ እንደተጻፈው ይህ የማይቀር ነው፤ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት የሚመሰክረው የማርከሩ ሰንጠረዥ ብቻ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ የዘር ከረጢት ላይ የመስመሩ ቁጥር ከሦስቱ ማርከሮች ንባብ ጋር እንዲጻፍ፣ ዘር በተባዛ ቁጥርም ከአዲሱ ዘር ናሙና ተወስዶ እንደገና እንዲነበብ ተወስኗል። ኤስአር26ን ብቻ የያዙት መስመሮች ለማነጻጸሪያ ይቀመጣሉ፤ ዘራቸው ለማንም አይሰጥም።

ቀጣይ

በሚመጣው የዘር ወቅት ሦስቱን በጥንድ ቅጂ የያዙት መስመሮች ከተቀባዩ ጋር ጎን ለጎን፣ ዋግ በሌለበትና በኬሚካል በተጠበቀ ማሳ ላይ ይዘራሉ። በሽታ በሌለበት የሚታየው የምርት ልዩነት በዋናነት በ6ኤ ላይ ያለው ባዕድ ቁራጭ፣ በጥቂቱም ኤልአር34 የሚያስከትለው የቅጠል ጫፍ መድረቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍሉ ያሳያል፤ የእህት መስመሮቹም በዚያው ማሳ መኖራቸው የሁለቱን ድርሻ ለመለየት ያስችላል። የዱቄቱ ፕሮቲንና የሊጡ ጥንካሬ ከዚያው ምርት ይለካል።